በዳይስ የሚሰበር ኮምፒዩተር
የጨዋታ ሕግና የመንግሥት ሕግ በኦስቲን ከተማ የተጋጩበት ታሪክ

አንዲት እናት ከሥራ ደክማ ወደ ቤቷ ስትገባ ልጇ በስልክ ለጓደኛው፣ «ትናንት ማታ የኩባንያውን ኮምፒዩተር ሰብሬ ገባሁ፤ ጠባቂው ሊገድለኝ ሲል ለጥቂት አመለጥኩ» ሲል ብትሰማ ምን ትላለች? ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «ጉድ ፈላ! ይህ ልጅ ሊያስበላን ነው» ማለቷ አይቀርም። በሰው አገር የምትኖር ናትና መጀመሪያ የሚታያት የፖሊስ መኪና ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እናት ጠጋ ብላ ብትጠይቅ ግን ልጁ ሌሊቱን ያሳለፈው ኮምፒዩተር ፊት አለመሆኑን ትረዳለች። ያመሸው ከአራት ጓደኞቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ነው። በእጁ የነበረው እርሳስና ወረቀት፣ እንዲሁም ሉዶ ሲጫወቱ የሚወረወረው ዓይነት ዳይስ ብቻ ነው። «ኮምፒዩተር ሰበርኩ» ያለውም ዳይስ ጥሎ ያገኘውን ቁጥር ነው።

ይህ ዓይነቱ ጨዋታ ለብዙ ወላጆች እንግዳ ነው። ይሁንና እንግዳ የሆነው ለወላጆች ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1990 በቴክሳስ ግዛት የአሜሪካ መንግሥት ሰዎች አንድ የጨዋታ መጽሐፍ ገና ሳይታተም ረቂቁን ከነኮምፒዩተሩ ጭነው ወስደውታል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ እልባት እስኪያገኝም ዓመታት ፈጅቷል። ለመሆኑ ጨዋታው ምንድነው? ሕጉስ እንዴት ይሠራል? መንግሥትን ከጨዋታ ጋር ያጋጨውስ ምንድነው?

ጨዋታው ምን ይመስላል?

ሚና ተይዞ የሚደረገው የጠረጴዛ ጨዋታ በገበያ ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ በታተመው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይፈጥርና ችሎታውን፣ ጉልበቱንና ንብረቱን በቁጥር በወረቀት ላይ ያሰፍራል። ከመካከላቸው አንዱ የጨዋታው መሪ ይሆናል። ታሪኩን የሚተርከው፣ ጠላትንና ወዳጅን የሚያናግረው፣ ክርክር ሲነሳም ዳኛ የሚሆነው እሱ ነው። ውጤቱ አጠራጣሪ የሆነ ነገር ሲመጣ፣ ለምሳሌ ሰውዬው ግንቡን ይዘላል ወይስ ይወድቃል ሲባል፣ ዳይስ ይጣላል።

«ሳይበርፐንክ» የሚባለው ዘርፍ ደግሞ ከሥነ ጽሑፍ የመጣ ነው። በተለይም ዊልያም ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው «ኒውሮማንሰር» የተሰኘው ልብ ወለድ ለዘርፉ መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ ነው። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ዓለም በግዙፍ ኩባንያዎች መዳፍ ሥር ወድቋል፤ ሰው ከብረትና ከሽቦ ጋር ተዳቅሏል፤ ድሃው ደግሞ በኮምፒዩተር እውቀቱ የሀብታሙን ምስጢር እየሰረቀ ይኖራል። ጥቁር አሜሪካዊው የጨዋታ ደራሲ ማይክ ፖንድስሚዝ ይህን ዓለም እ.ኤ.አ. በ1988 «ሳይበርፐንክ» በሚል ስም ወደ ጠረጴዛ ጨዋታ አመጣው። በዓመቱ «ሻዶውረን» የተባለው ተከተለ። በእነዚህ ጨዋታዎች ሁሉ ሃከሩ፣ ማለትም ወደ ኮምፒዩተር ሰርጎ የሚገባው ሰው፣ ከቡድኑ ዋነኛ አባላት አንዱ ነው።

በወረቀት ላይ ሰርጎ መግባት

እስቲ የሁለት መጻሕፍትን ሕግ በምሳሌ እንመልከት።

«ገርፕስ» በሚባለው የጨዋታ ሥርዓት ሦስት ባለ ስድስት ገጽ ዳይሶች በአንድነት ይጣላሉ። ድምሩ ከገጸ ባሕርዩ ችሎታ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ካነሰ ተሳካለት ማለት ነው። የሃከሩ ችሎታ 12 ነው እንበል። ሦስቱ ዳይሶች ሊያርፉባቸው ከሚችሉት 216 መንገዶች ውስጥ በ160ዎቹ ይሳካለታል፤ ይህም 74 በመቶ ያህል ነው። የኮምፒዩተሩ ጥበቃ ጠንካራ ነው ተብሎ 4 ነጥብ ቢቀነስበት ግን ችሎታው ወደ 8 ይወርድና የመሳካት ዕድሉ 26 በመቶ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ሰርጎ መግባት የተባለው ይህ ነው። እውነተኛ የይለፍ ቃል የለም፤ ሽቦ የለም፤ ስልክም አይደወልም። ያለው መደመርና መቀነስ ነው።

የዚሁ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው አራተኛ እትም አንድ ቁም ነገር ያነሳል። በአንድ ችሎታ ብቻ ኮምፒዩተር መስበር የፊልም ነገር ነው ይላል። እውነተኛ ሰርጎ ገብ የሚያስፈልገው የብዙ ሙያ ድምር ነው። ኮምፒዩተር ማንቀሳቀስና ፕሮግራም መጻፍ፣ የጥበቃ አሠራርን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ በለሰለሰ አንደበት ሰውን ማታለልና ተጥሎ ከተገኘ ወረቀት ላይ ምስጢር መልቀም ይጨመርበታል። ይህ ለአዋቂም የሚጠቅም ትምህርት ነው። «ከባንክ ነው የምንደውለው፤ የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚለው አጭበርባሪ የሚሰብረው ኮምፒዩተሩን ሳይሆን የሰውየውን ልብ ነውና።

ሕጉ ማብራሪያ ያስፈለገው ለምንድነው?

ገበጣ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። የገበጣ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል። ጠጠሩ ከየት ይነሳል፣ የት ሲደርስ ይበላል፣ የሚለውን አስቀድመው ሳይስማሙ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች መጨረሻቸው ጭቅጭቅ ነው። የሃከሩም ሕግ እንዲሁ ነበር። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው «ሳይበርፐንክ 2020» ሃከሩ የሚንቀሳቀሰው ለብቻው በሆነ ሌላ ዓለም ውስጥ፣ የራሱ ካርታና የራሱ ውጊያ ይዞ ነው። ሃከሩና የጨዋታው መሪ ሁለት ሆነው ሲጫወቱ የቀሩት ተጫዋቾች ሥራ ፈተው ይቀመጣሉ። «ሃከሩ እስኪጨርስ ፒዛ ገዝተን እንምጣ» የሚለው ቀልድ በተጫዋቾች ዘንድ የታወቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄዎቹ ተደጋጋሚ ነበሩ። ሃከሩ ከቤቱ ሶፋ ላይ ሆኖ የባንኩን ካዝና ሊከፍት ይችላል? ጓደኞቹ አንድ ጥይት በሚተኩሱበት ጊዜ እሱ ስንት ነገር ይሠራል? አደጋ ቢመጣ ገመዱን ነቅሎ መሮጥ ይችላል?

እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው «ሳይበርፐንክ ሬድ» እነዚህን አንድ በአንድ መለሰ። አንደኛ፣ ሃከሩ ከቤቱ ሆኖ መሥራት አይችልም፤ ከመግቢያው ነጥብ በ6 ሜትር ርቀት ውስጥ በአካል መገኘት አለበት። ስለዚህ ከጓደኞቹ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ እነሱ በሩን ሲጠብቁ እሱ ይሠራል። ሁለተኛ፣ የኩባንያው ኮምፒዩተር እንደ ፎቅ ቤት ተደርጎ ይታሰባል። ሃከሩ ከላይ ወደ ታች ፎቅ በፎቅ ይወርዳል፤ በአንዱ ፎቅ የይለፍ ቃል፣ በሌላው ሰነድ፣ በሌላው ደግሞ «ብላክ አይስ» የተባለው አደገኛ የጥበቃ ፕሮግራም ያጋጥመዋል። ሦስተኛ፣ በአንድ ተራ ስንት ነገር እንደሚሠራ በችሎታው ደረጃ ተወስኗል። ደረጃው ከ1 እስከ 3 ከሆነ 2 ጊዜ፣ ከ4 እስከ 6 ከሆነ 3 ጊዜ፣ ከ7 እስከ 9 ከሆነ 4 ጊዜ፣ 10 ከሆነ 5 ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ተራው የሚደርሰውም እንደማንኛውም ተጫዋች ስለሆነ የሚጠብቅና የሚሰላች ሰው አይኖርም።

በዚህ መጽሐፍ የሚጣለው ባለ አሥር ገጽ ዳይስ ነው። የችሎታው ደረጃ 4 የሆነ ሃከር የአስቸጋሪነቱ ልክ 8 የሆነ የይለፍ ቃል ቢያጋጥመው፣ የዳይሱ ቁጥር ከ4 ጋር ተደምሮ 8ን መብለጥ አለበት። እኩል መሆን አይበቃም። ስለዚህ 5 ወይም ከዚያ በላይ ሊመጣለት ይገባል፤ ዕድሉም ከአሥር ስድስት ነው። በአራተኛ ደረጃ፣ ገመዱን ነቅሎ መሮጥ ይቻላል፤ ግን ዋጋ አለው። በሥርዓቱ ሳይወጣ ድንገት ከተቋረጠ፣ ያጋጠመውና ያልደመሰሰው ብላክ አይስ ሁሉ ጉዳቱን ያደርስበታል። እናት በስልክ የሰማችው «ለጥቂት አመለጥኩ» የሚለውም ነገር ትርጉሙ ይህን የመሰለ ነው።

ሕጉ ሲጠራ ጨዋታው አማረ። ሕግ ሳይጠራ እጅን መሰንዘር ምን እንደሚያስከትል ደግሞ የኦስቲኑ ታሪክ ያሳያል።

የማርች 1 ቀን 1990 ብርበራ

ስቲቭ ጃክሰን ጌምስ በቴክሳስ ዋና ከተማ በኦስቲን የሚገኝ አነስተኛ የጨዋታ አሳታሚ ድርጅት ነው። ገርፕስ የተባለውን የጨዋታ ሥርዓት ያሳተመው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 መጀመሪያ ላይ «ገርፕስ ሳይበርፐንክ» የተሰኘ አዲስ መጽሐፍ ለኅትመት እያዘጋጀ ነበር። የመጽሐፉ ደራሲ የድርጅቱ ሠራተኛ ሎይድ ብላንከንሺፕ ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1990 ጠዋት የሲክሬት ሰርቪስ ሰዎች የብርበራ ማዘዣ ይዘው መጡ። ሲክሬት ሰርቪስ ሕዝብ የሚያውቀው ፕሬዚዳንቱን በመጠበቅ ነው፤ ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ1865 የተቋቋመው ሐሰተኛ ገንዘብን ለመቆጣጠር ሲሆን፣ ከ1984 ወዲህ ደግሞ የኮምፒዩተር ማጭበርበርን የመመርመር ሥልጣን ተሰጥቶታል። ሰዎቹ ሦስት ኮምፒዩተሮችንና ከ300 በላይ ዲስኮችን ጭነው ሄዱ። ከእነዚህ ጋር የአዲሱ መጽሐፍ ረቂቅ ተወሰደ። ድርጅቱ ከደንበኞቹ ጋር በስልክ መስመር የሚገናኝበት የኤሌክትሮኒክ መልእክት ሰሌዳም አብሮ ተወሰደ። በሰሌዳው 365 ሰዎች ይጠቀሙበት ነበር፤ በዚያች ዕለት ባለቤቶቻቸው ገና ያላነበቧቸው 162 የግል መልእክቶች ውስጡ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መብራራት አለበት። ብዙ ሰው ብርበራው የተካሄደው በመጽሐፉ ምክንያት ይመስለዋል። ይህ ትክክል አይደለም። መርማሪዎቹ ይፈልጉ የነበረው የድንገተኛ አደጋ ስልክ 911ን አሠራር የሚመለከትና ከቤል ሳውዝ የስልክ ኩባንያ ኮምፒዩተር ያለ ፈቃድ የተቀዳ ሰነድ ነው። ብላንከንሺፕ በቤቱ የራሱ የመልእክት ሰሌዳ ነበረው፤ የሰነዱ ቅጂም በዚያ ይገኛል ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተሮች የተወሰዱት በዚህ ሰበብ ነው። ይሁንና ስቲቭ ጃክሰን ንብረቱን ለማስመለስ በማግስቱ በሄደ ጊዜ፣ ከመርማሪዎቹ አንዱ የመጽሐፉን ረቂቅ የኮምፒዩተር ወንጀል መማሪያ ነው እንዳለው ተናግሯል። ጃክሰን ጨዋታ ነው ቢልም የሚሰማው አላገኘም። ዳይስ ተጥሎ የሚሰበረው ኮምፒዩተር እንደ እውነተኛ ተቆጠረ ማለት ነው።

ለአንድ አነስተኛ አሳታሚ በዝግጅት ላይ ያለን መጽሐፍ ማጣት የእንጀራ ጉዳይ ነው። ድርጅቱ ገቢው ስለተናጋ ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉን አሰናበተ። መጽሐፉም ከድሮ ረቂቆችና ከሰዎች ትውስታ እየተለቃቀመ እንደገና ተጻፈ፤ በዚያው ዓመትም ታተመ። አብዛኛው የተወሰደው ዕቃ የተመለሰው እስከ ጁን መጨረሻ ከቆየ በኋላ ነው። በድርጅቱም ላይ ሆነ በጃክሰን ወይም በብላንከንሺፕ ላይ አንድም ክስ አልተመሠረተም።

ያ ሁሉ ግርግር የተነሳበት ሰነድስ? በዚሁ ሰነድ ምክንያት የተከሰሰ አንድ የኮሌጅ ተማሪ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1990 ቺካጎ ላይ ለፍርድ ቀርቦ ነበር። የሰነዱ ዋጋ ከ79 ሺህ ዶላር በላይ ነው ተብሎ ነበር የተከሰሰው። ተመሳሳይ መረጃ ለማንም ሰው በ13 ዶላር እንደሚሸጥ በችሎቱ ሲገለጥ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ተወው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት እንዲህ ነው።

ፍርድ ቤቱ ያብራራው

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1990 ሚች ኬፖር፣ ጆን ፔሪ ባርሎውና ጆን ጊልሞር በኮምፒዩተር ዘመን የዜጎችን መብት የሚከላከል ድርጅት አቋቋሙ። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ይባላል። በዚህ ድርጅት ድጋፍ ጃክሰንና ሌሎች ከሳሾች እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1991 መንግሥትን ከሰሱ።

ዋናው መከራከሪያ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ አንድ የፌዴራል ሕግ ነበር። ሕጉ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1971 በካሊፎርኒያ ፖሊሶች የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲን የተማሪዎች ጋዜጣ ቢሮ በረበሩ፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ1978 ብርበራው ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ፈረደ። በዚህ የተቆጣው ኮንግረስ አዲስ ሕግ አወጣ። ሕጉ ባጭሩ ሲገለጽ፣ አንድ ሰው ለሕዝብ ለማሠራጨት ያዘጋጀውን ጽሑፍ፣ ጋዜጣም ይሁን መጽሐፍ ወይም ስርጭት፣ ሰውዬው ራሱ ጽሑፉ በሚመለከተው ወንጀል ካልተጠረጠረ በስተቀር የመንግሥት ሰው በርብሮ ሊወስድበት አይችልም። የሰውን ሕይወት ከአደጋ ለማዳን እንደሚደረገው ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ተጠብቀዋል። መንግሥት ጽሑፉን ከፈለገ በመጥሪያ ይጠይቅ፤ ባለቤቱም ዳኛ ፊት ቀርቦ ይከራከር ነው ነገሩ።

እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 1993 የፌዴራል ዳኛ ሳም ስፓርክስ ፍርድ ሰጡ። መርማሪዎቹ ሲመጡ ድርጅቱ አሳታሚ መሆኑን ባያውቁ እንኳ፣ ከተነገራቸው በኋላ ንብረቱን ቶሎ መመለስ ነበረባቸው አሉ። ለድርጅቱ ከ51 ሺህ ዶላር በላይ ካሣ ተወሰነለት። ያልተነበቡት የግል መልእክቶች በመወሰዳቸውም ለእያንዳንዱ ከሳሽ 1 ሺህ ዶላር ተፈረደ። መንግሥት ከ250 ሺህ ዶላር በላይ የጠበቃና የክርክር ወጪም እንዲሸፍን ተደረገ።

ከሳሾቹ ግን በሁሉም ነጥብ አልረቱም። ያልተነበበን መልእክት መውሰድ ስልክ እንደመጥለፍ ይቆጠር ብለው ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1994 ይህን አልተቀበለም። ተቀምጦ የቆየን መልእክት የሚጠብቀው ሌላ ሕግ ነው አለ። ያም ቢሆን ነገሩ ጠራ። መንግሥትም ዜጋም ድንበሩ የት እንደሆነ አወቁ።

ጃክሰን በበኩሉ ብርበራውን እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ጨዋታ ለወጠው። «ሃከር» የሚባል የካርታ ጨዋታ አሳተመና በደረሰበት ነገር ላይ ራሱ ሳቀበት። ከዚያ በፊት የወጣው የገርፕስ ሳይበርፐንክ ሽፋንም መጽሐፉ በሲክሬት ሰርቪስ ተይዞ እንደነበር ለገዢው ያስታውቅ ነበር። ሊቀብሩት የፈለጉት መጽሐፍ እንዲህ አድርጎ ስሙን አገነነ።

ለስደተኛው ምን ይነግራል?

ረቂቁ ሲወሰድበት ያየ ደራሲ፣ ማተሚያ ቤቱ ሲታሸግ የቆመ ጋዜጠኛ በኢትዮጵያውያን ስደተኞች መካከል ጥቂት አይደለም። ለእነዚህ ሰዎች የኦስቲኑ ታሪክ ትርጉሙ ግልጽ ነው። በአሜሪካም መንግሥት ይሳሳታል፤ ኃይለኛም ይሆናል። ልዩነቱ ተበዳዩ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዞ ዳኛ ፊት መቆም መቻሉና መርታቱ ነው። የ1980ው ሕግ ጋዜጣን በትልቅነቱ ወይም በሚጻፍበት ቋንቋ አይለይም። በምግብ ቤት ደጃፍ በነፃ የሚታደል የማኅበረሰብ ጋዜጣ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ማወቅ ይኖርበታል።

ወላጆችም ሁለቱን ነገሮች መለየት አለባቸው። በጠረጴዛ ላይ ዳይስ ጥሎ የምናብ ባንክ መስበር ማንንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ልጆችን ሒሳብ፣ ንባብና ከሰው ጋር መስማማትን ያስተምራል። በእውነተኛው ዓለም ግን የትምህርት ቤትን ወይም የሌላን ሰው ኮምፒዩተር ያለ ፈቃድ መክፈት፣ «ለመሞከር ነው» ቢባልም፣ በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። ዜግነት ለሌለው ወጣት ደግሞ የወንጀል ፍርድ ከቅጣቱ አልፎ የመኖሪያ ፈቃዱን ሊነካ ይችላል። ይህንን ድንበር ለልጅ የሚያብራራለት ሰው ያስፈልገዋል።

የሚያብራራው ደግሞ የሚጮኽበት ሳይሆን አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነው። እናት አንድ ምሽት ወንበር ስባ፣ «እስቲ ሕጉን አስረዳኝ፤ ከስንት በላይ ሲመጣ ነው የሚሳካው?» ብትል ልጁ በደስታ ያስረዳታል። ከዚያም እሷ በተራዋ፣ «እኔም አንድ ሕግ አለኝ» ብላ የራሷን ብትነግረው ይሰማታል።

በአገር ቤት ሰው በደል ሲደርስበት «በሕግ አምላክ!» ይላል፤ ሰሚውም ባለበት ይቆማል። ይህ ቃል የሚሠራው ግን ሁለቱም ወገኖች ሕጉን ሲያውቁት ነው። የጨዋታው ተጫዋቾች ባለ 6 ሜትሩን ሕግ አወቁና ጭቅጭቃቸው ቀረ። የኦስቲኑ አሳታሚም የራሱን ሕግ አወቀና ሲክሬት ሰርቪስን ፍርድ ቤት አቆመ።